ሞርሳው ደህና ነው፣ ላባውን ግን ከበዓል ዶሮ ፈልጉ

በቴሌግራም ታዝዞ ለገጣፎ መግቢያ ላይ የሚረከቡት፣ ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆን ሰው ሠራሽ ዝንብ መሥሪያ ሳጥን ሞርሳ (መንጠቆ ነክሶ የሚይዝ)፣ የክር መያዣ፣ መቀስ፣ የላባ መቆንጠጫ፣ የጸጉር ማስተካከያ ቱቦ፣ ሁለት ጥቅል ክር፣ 50 መንጠቆ፣ ጥቂት ላባና ጸጉር ያለበት ቁራጭ ቆዳ ይዟል። ለመሣሪያው ከሆነ ግዙት። ለላባውና ለጸጉሩ ብላችሁ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ። የተፈተነው ለባሌ ትራውት ዓሣ በሚሆን በስቶንፍላይ ተንሳፋፊ ዝንብ ነው፤ ይህ ዝንብ ደግሞ የዕቃን ድክመት አይሸፍንም።

ስቶንፍላይ ንጹሕና ቀዝቃዛ በሆነ፣ በሚፈስ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ሥር የሚያድግ ነፍሳት ነው። ሲደርስ ከውሃው ወጥቶ ድንጋይ ላይ ቆዳውን ይገፋል፤ አራት ክንፎቹን ጀርባው ላይ አስተኝቶ ይደራርባል። ትራውት ከላይ የሚያገኛት በተለይ እንስቷ እንቁላል ልትጥል ወደ ውሃው ስትመለስ ነው። ስለዚህ ሰው ሠራሹም ረዘም ወፈር ያለ፣ ዝቅ ብሎ የሚንሳፈፍ፣ አረፋ በሚደፍቅ ጅረት ላይ የማይሰጥም መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በእነ ዌብና ሻያ ወንዞች የተለቀቀው ትራውት በሣር በተከበበ ዳርቻ ይህንኑ ዝንብ ፌንጣ መስሎትም ይጎርሰዋል።

ሞርሳው ከቁጥር 6 እስከ 14 ያለ መንጠቆን ሳያንሸራትት ይይዛል። መንጋጋው የመንጠቆውን መታጠፊያ ብቻ ይንከስ፤ ሾሉን ውስጥ ከቀበራችሁት ይጎዳል። መቀሱ ጫፉ ላይ ይላላል፣ ብሎኑን ማጥበቅ ይበቃዋል። መንጠቆዎቹ ግን አጭር ግንድ ናቸው፤ ግማሾቹ 16 ቁጥር (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል) ስለሆኑ ለስቶንፍላይ አይረቡም። 8 ቁጥር፣ ግንዱ ረዘም ያለ ለብቻው ማዘዝ ግድ ነው።

ክሩ 70 ዲኒየር (የክር ውፍረት መለኪያ) ነው። ጸጉር ጠበቅ አድርጋችሁ ስትስቡ ይበጠሳል፣ ፎም (ስፖንጅ መሰል ተንሳፋፊ ነገር) ላይ ደግሞ እንደ ምላጭ ይገባል። 140 ዲኒየር ጠይቁ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ክሩን በንጹሕ ሰም አሹት፤ የጧፍ ሰም ሳይቀር ያገለግላል፤ ያን ጊዜ ጸጉሩን ነክሶ ይይዛል።

ትልቁ ጉድለት የኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዘር) ተብሎ የተሰጠው ጸጉር ነው። ጥሩ የኤልክ ጸጉር ውስጡ ክፍት ስለሆነ አየር ይይዛል፤ በክር ሲጨመቅ እንደ መጥረጊያ ይበተናል። የሳጥኑ ጸጉር ሲታሰር ንቅንቅ አይልም። በሱ የተሠራ ዝንብ ሳፋ ውሃ ላይ ሲጣል ብዙ ሳይቆይ ጅራቱ ይጠልቅና አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ ይቆማል። የፍየል ጸጉርም ያው ነው፣ አትድከሙ። መፍትሔው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ለልጆች የእጅ ሥራ የሚሸጠው 2 ሚሊ ሜትር ፎም ነው፦ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ በጀርባው ላይ ይታሰር። በጣት ብትደፍቁት እንኳ ተመልሶ ብቅ ይላል።

ላባው ለስላሳና ሰፊ ስለሆነ ውሃ ይጠጣል። የሱሉልታ ገበያ ገብስማ አውራ ዶሮ ይሻላል፣ ያውም ዓመት ያለፈው። የአንገቱን ላባ ፈላ ውሃ ሳይነካው ንቀሉ፤ በሳሙና አጥባችሁ ካደረቃችሁ በኋላ ብል እንዳይበላው ጥቂት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት። ከላባው ግንድ የሚወጣው ጭረት በጣት ሲታጠፍ ቶሎ ቀጥ የሚል ከሆነ ይሆናል፤ ተኝቶ የሚቀር ከሆነ ለትራስ ነው።

ባለ ጸጉሩን ዝንብ ለሚሠራ፣ ሁነኛ ኤልክ ካገኘ ማለት ነው፣ ቅደም ተከተሉ ይኸው። በቅድሚያ የመንጠቆውን አፍ (በግንዱና በሾሉ መካከል ያለውን ክፍተት) ያህል የሚረዝም የጸጉር ጅራት እሰሩ፤ የመጨረሻዎቹን የክር ዙሮች ላላ ካላደረጋችሁ ጅራቱ ይበተናል። ቀጭን ሽቦ ከኋላ እሰሩና ቢጫ ሱፍ እስከ ግንዱ ሁለት ሦስተኛ ጠቅልሉ። የገብስማውን ላባ ከዚያ ተነስታችሁ ወደ ኋላ አዙሩ፤ ሽቦው በተቃራኒ አቅጣጫ ወደ ፊት ሲመለስ ላባውን ይቆልፈዋል። ሥሩ ያለውን ለስላሳ ጸጉር አበጥራችሁ ያወጣችሁለት የኤልክ ጸጉር ክንፍ ከላይ ይቀመጥ፤ በጣት ቆንጥጣችሁ ሁለት ዙር ላላ አድርጉና ቀጥታ ወደ ታች ሳቡ፤ ወደ ጎን ከተሳበ ክንፉ መንጠቆው ሥር ይዞራል። የፊተኛው ሦስተኛ ላይ ብርቱካናማ ሱፍና ሌላ ላባ ከአራት እስከ አምስት ዙር፣ ከዚያ የዝንቡ ጭንቅላት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ክንፉን ወደ ፊት አስጠግቶ ያስርና የመንጠቆው ዓይን ይደፈናል። ቋጠሮው ላይ ጠብታ የጥፍር ቀለም፣ ዝንቡ ላይ በጣት ጫፍ የምትደርስ ቫዝሊን ይበቃል፤ ከበዛ ላባው ይጣበቃል።