የባሕር ዳርቻ ጉድጓድ ጨው ሲል፦ ኢአርቲ፣ ቴም ወይስ ሄሊኮፕተር?

የጉድጓዳችሁ ውሃ ጨው ጨው ማለት ከጀመረ ሌላ ለማስቆፈር አትቸኩሉ። አዲሱም ጨው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጉድጓድ የሚነግራችሁ ስለተቆፈረበት ነጥብ ብቻ ነው፤ ጨዋማው ውሃ ከባሕሩ ተነስቶ የት ድረስ እንደገባ ለማየት ጂኦፊዚክስ፣ ማለትም ሳይቆፍሩ የመሬቱን ውስጥ በመሣሪያ መለካት፣ ይሻላል።

ሦስት አማራጮች ይቀርቡላችኋል፦ ኢአርቲ (በካስማ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ልኮ ምስል የሚሠራ)፣ ቴም (በሽቦ ዙር የሚሠራ የኤሌክትሮማግኔቲክ ልኬት) እና ቴምን ከአየር ላይ የሚሠራው ሄሊኮፕተር። ሦስቱም የሚለኩት መሬቱ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም ነው። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ፣ የባሕር ውሃ የሞላው አሸዋ 1 ኦም ሜትር (የመቋቋም መለኪያ አሃድ) ገደማ ነው፤ ያው አሸዋ ጨው አልባ ውሃ ቢይዝ ብዙ አሥር እጥፍ ይሆናል።

ኢአርቲ ለእኛ አገር ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። የጉድጓድ ቦታ ሲመረጥ የምናውቀው ቪኢኤስ (በአንድ ቦታ ላይ የሚደረግ የኤሌክትሪክ መቋቋም ልኬት) የቅርብ ዘመዱ ነው። ቪኢኤስ ከአንድ ነጥብ ሥር ወደታች ያያል፤ ኢአርቲ ግን በረጅም ኬብል ላይ ብዙ የብረት ካስማ ተክሎ መሬቱን እንደ ተቆረጠ ዳቦ ጎኑን ያሳያል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ ላይ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳርቻ በዚህ ዘዴ ሠርተው እስከ 280 ሜትር አካባቢ ጥልቀት አይተዋል። እዚያ የሳሊናስ ሸለቆ ገበሬዎች ሰላጣና እንጆሪ ለማጠጣት ለብዙ አሥርት ዓመታት ውሃ ሲስቡ ስለኖሩ ባሕሩ ወደ ውስጥ ገብቷል። እና ምስሉ ላይ የታየው አንድ ወጥ የጨው ግንብ አልነበረም፤ ዥንጉርጉር ነበር፣ አንዱ ጋ ጨው፣ ትንሽ አለፍ ሲባል ጨው የሌለበት። እኔን ኢአርቲን ያስወደደኝ ይህ ነው።

ችግሩ ቦታ ይፈልጋል። የሚታየው ጥልቀት በግምት የኬብሉ ርዝመት አንድ አምስተኛ ስለሆነ፣ 100 ሜትር ለማየት ግማሽ ኪሎ ሜትር ክፍት መሬት ያስፈልጋችኋል። ደረቅ አሸዋ ላይ ደግሞ ካስማው ከመሬቱ ጋር በደንብ ስለማይገናኝ በጨው ውሃ ማራስ ግድ ይላል።

ቴም ካስማ አያስፈልገውም። ሽቦ በአራት ማዕዘን መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበትና በድንገት ይቋረጣል፤ ከዚያ መሬቱ ውስጥ የተፈጠረው የኤሌክትሪክ ጅረት እንዴት እንደሚሞት ይለካል። ጨዋማውን ውሃ ለማግኘት በጣም ጎበዝ ነው። ጥልቅ ነገር ከፈለጋችሁና መሬታችሁ ለረጅም ኬብል ካልበቃ ይህን ምረጡ። ግን አጠገባችሁ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የብረት ቱቦ ወይም የሽቦ አጥር ካለ ልኬቱ ይበላሻል፣ ከተማ ውስጥ ባትሞክሩት ይሻላል።

ሄሊኮፕተሩ ያንኑ ቴም ከሥሩ አንጠልጥሎ ይበራል። እዚያው ሞንተሬይ አካባቢ በ2017 ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መስመር በጥቂት ቀናት ተሠርቷል። ለአንድ እርሻ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። የውሃ ማኅበር ወይም ወረዳ ተባብሮ ሲከፍል ነው የሚያዋጣው፣ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ላይም አይበርም።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ከሦስቱ አንዱም ሸክላን ከጨው አጥርቶ አይለይም። ሸክላ አፈር ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 20 ኦም ሜትር ነው፣ ትንሽ ጨው የገባበት አሸዋም እዚያው ክልል ውስጥ ይወድቃል። ባለቀለም ካርታ አይታችሁ ብቻ እዚህ ጨው ነው፣ እዚህ አይደለም ብላችሁ ገንዘብ እንዳታወጡ! ስለዚህ የትኛውንም ዘዴ ብትመርጡ ከበጀቱ ላይ ቢያንስ ለአንድ ጉድጓድ ልኬት የሚሆን ገንዘብ አስቀምጡ። ውሃው ተቀድቶ ክሎራይዱ (የጨውነቱ ምልክት) ይመርመር፤ ከተቻለም ጉድጓዱ ውስጥ የኢንዳክሽን መለኪያ (በዙሪያው ያለው መሬት ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ሳይነካ የሚለካ መሣሪያ) ይውረድ። ይህ መለኪያ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይሠራል፣ በብረት ቱቦ ውስጥ አይሠራም። አዲስ የመከታተያ ጉድጓድ የምታስቆፍሩ ከሆነ ቱቦው ፒቪሲ እንዲሆን ከወዲሁ ውል ላይ አስጽፉ።