የፍሬን ቱቦ ልታስቀይሩ ያሰባችሁ፣ እኔ ላይ የደረሰውን አንብቡ

ከትናንት ጀምሮ ንዴቱ አልለቀቀኝም። ትናንት ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ 6 ኪሎ ስወርድ የፍሬን ፔዳሉ እስከ ወለሉ ገባ። ከኋላ የ7 ዓመት ልጄ ተቀምጣ ነበር። መኪናውን ከጋራዥ ካወጣሁ ገና ሁለተኛ ቀኔ ነው፤ የገባውም ለዚሁ ለፍሬን ነበር።

ቪትዝ ናት፣ የ2003 ሞዴል። የፊት ፍሬን ቱቦዎቿ ጎማቸው ተሰነጣጥቆ ስለነበር ለቦሎ ከመሄዴ በፊት ላስቀይር ብዬ ሰው የጠቆመኝ ቦታ ገባሁ። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፤ ሰውየው ራሱ መካኒክ፣ ራሱ ዕቃ ሻጭ፣ ራሱ ዋጋ ቆራጭ። ሶማሌ ተራ ሄጄ እንደ ድሮው የጎማውን ልግዛ ስለው "ወንድሜ ለምን ትለፋለህ?" ብሎ በሽቦ የተጠለፈ ቱቦ አወረደ። "ይሄ ውድድር መኪና ላይ የሚገጠም ነው፤ ሁለተኛ አትነካውም" አለ። ጥንዱ 9,000፣ የእጅ 2,000 ብር። በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል ሲለኝ "ያለ ደረሰኝ ይሁን" አልኩት። አንጀቴን የምትበላኝ ይቺ ቃል ናት።

ሁለቱም ከተገጠሙ በኋላ አየር እናስወጣ ብሎ እኔን መሪው ላይ አስቀመጠኝ። መኪናዋ በክሪክ ተነስታለች፣ የፊት ጎማዎቿ ወልቀዋል። ርገጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ። አየሩ ወጣ ተባለ። ከዚያ የሚያፈስ እንደሆነ ለማየት በእኔ በኩል ቁጢጥ አለና "አሁን ቀስ ብለህ ርገጥ" አለኝ። በሬ ክፍት ስለነበር አንገቴን ወጣ ሳደርግ እጁ ይታየኛል። ጨርቅ ይዞ ገባ፣ ርሶ ወጣ። "ምንድነው የምትጠርገው?" አልኩት። ቀና እንኳ ሳይል "አየር ስናወጣ የተንጠባጠበ ነው" አለ። እሺ፣ ያ ሊሆን ይችላል። ግን እንደገና አስረገጠኝ፣ እንደገና ጠረገ፤ ጨርቁ እንደገና ርሶ ወጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ጠንከር አድርጌ ስረግጥ "ኧረ ቀስ! በቃ በቃ!" ብሎ ጮኸብኝ።

ከዚያ ረዳቱን ልጅ ጠርቶ ነጭ ቴፕ አስመጣ። ያንን የውኃ ቧንቧ ሲያፈስ የሚጠመጠመውን። ቱቦው ከብረቱ መስመር ጋር የሚገናኝበትን ዳዶ ፈትቶ ጥርሱ ላይ ጠመጠመበትና መልሶ አሰረው። የቤቴን ቧንቧ ራሴ ስለማስር ቴፑን በደንብ አውቀዋለሁ። ፍሬን ላይ ምን ይሠራል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ሥራ ቦታ ይጠብቁኛል፣ ገንዘቡን ከፍያለሁ፣ ሰውየው ደግሞ በልበ ሙሉነት ነው የሚሠራው። በጀሪካን ውኃ ደፋበትና "ይኸው፣ ደርቋል፣ እየው" አለኝ። ውኃ የተደፋበት ነገር እንዴት ደረቀ ይባላል? አየሁት፣ አመስግኜው ወጣሁ።

ቁልቁለቱ ላይ የረዳኝ የፍሬኑ መስመር ለሁለት የተከፈለ መሆኑ ነው። አንዱ ዘይቱን ጨርሶ ሲሞት ሌላው በጥቂቱ ይይዛል። ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ስቤ ዳር ያዝኩ። ልጄ "አባዬ ለምን እንደዚህ ሆንክ?" ትለኛለች፤ መልስ መስጠት አቃተኝ።

መኪናዋን በሎደር አስጭኜ እዚያው ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውየው ማኪያቶውን አላስቀመጠም። "መኪናህ አርጅታለች፤ ደግሞ ከእኛ ከወጣች በኋላ ማን እንደነካካት በምን አውቃለሁ?" አለኝ። ልጄ መኪናው ውስጥ ነበረች ስለው "እግዚአብሔር አተረፋችሁ፣ እሱን አመስግን" ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ቀጥሎ "ደረሰኝ አለህ?" አለ። እንደሌለኝ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ስሙን እዚህ ያልጻፍኩትም ለዚህ ነው፤ በእጄ ማስረጃ የለም።

ቱቦዎቹን የፈቱልኝ የሰፈራችን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ቱቦው ካሊፐሩ ላይ፣ ማለትም ጎማው ጋ ፍሬኑን የሚጨምቀው ክፍል ላይ፣ የሚታሰረው መሐሉ ክፍት በሆነ ቡሎን ነው፤ ቡሎኑ ከሚያልፍበት ከቱቦው ጆሮ በላይና በታች አንዳንድ የመዳብ ራንዴላ ይገባል፤ ዘይቱን የሚያቆመው የእነሱ መጨመቅ ነው። ሰውየው የድሮዎቹን፣ ተጨፍልቀው የደነደኑትን መልሶ ከቷቸዋል። በዚያ ላይ የአዲሱ ቱቦ ጆሮ ከድሮው ይሳሳል። ስለዚህ የድሮው ቡሎን ራንዴላውን ሳይጨምቅ ጫፉ ከታች ደርሶ ይቆማል፤ ለእጅ የጠበቀ ይመስላል፣ ግን አልጠበቀም። ቴፑንም በፒንሳ ጫፍ ለቅመው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። "ልጄ፣ እዚህ ጋ የሚዘጋው የብረቱ ቱቦ አፍ ነው እንጂ ጥርሱ አይደለም። ይሄ ብጣሽ ውስጥ ቢገባ ደግሞ መስመሩን ይደፍንልህ ነበር" አሉኝ። አራት አዲስ ራንዴላና ልኩ የሆነ ቡሎን ገጥመው ጨረሱት። ራንዴላዎቹ 200 ብር አልሞሉም።

ሞተር ተነስቶ ሌላ ሰው አጥብቆ ይርገጥላችሁ፣ እናንተ ወርዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። ራንዴላው አዲስ መሆኑን ሳይታሰር ጠይቁ፤ ቴፕ ካያችሁ አስቁሙ። ደረሰኝ ተቀበሉ። በዚህ ሰሞን ይህን የተጠለፈ ቱቦ ያስገጠማችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ከፊት ጎማዎቻችሁ ሥር ካርቶን አንጥፉና ጠዋት ተመልከቱት፤ ጠብታ ካገኛችሁበት መኪናዋን አታንቀሳቅሷት፣ መካኒኩ ቤታችሁ ይምጣ።