በመሪው ቱቦ ውስጥ ሽቦ ለዘረጉልኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው የሞተር ሳይክሌን የኤሌክትሪክ ሽቦዎች በትዕዛዝ ባሠራሁት መሪ ውስጥ አሳልፈው ለዘረጉልኝ ባለሙያ በአደባባይ ምስጋና ለማቅረብና ተመሳሳይ ሥራ ለሚያሠሩ ሰዎች ለመጠቆም ነው። ስማቸውን እንዳልጠቅስ ስለጠየቁኝ ፍላጎታቸውን አከብራለሁ፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሰው ግን አድራሻቸውን እሰጣለሁ።

ሥራውን አስቀድሜ የሰጠሁት ለሌላ ሰው ነበር። ከውጭ ሲታይ አንድም እንከን አልነበረውም፤ ሽቦ የሚባል ነገር ስለማይታይ መሪው የብስክሌት መሪ ይመስል ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ግን መሪውን ወደ ግራ እስከ ጥግ ባዞርኩ ቁጥር ፊውዝ ይቃጠል ጀመር። አራት ፊውዝ ከቀየርኩ በኋላ አንድ ወዳጄ ከፍ ያለ አምፔር ያለው እንዳስገባ መከረኝና ልሞክረው ተነሥቼ ነበር። ይህንን ለባለሙያው ስነግራቸው ቀና ብለው አዩኝና «ፊውዙ የተቀመጠው ሽቦውን እንዲጠብቅ ነው፤ ከፍ ያለ ካስገባህ ቀድሞ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል» አሉኝ።

ብልሽቱን ያገኙበት መንገድ እስካሁን ይገርመኛል። ባትሪውን ፈቱ፣ የመሪውን ሶኬቶች ነቀሉ፣ የቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መፈተሻ መሣሪያውን) አንድ ጫፍ ከክላክሱ ሽቦ፣ ሌላውን ከመሪው ብረት ጋር አገናኙና መሪውን በዝግታ ወደ ግራ ማዞር ጀመሩ። ጥግ ለመድረስ ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው ቴስተሩ ጮኸ፤ ሽቦው ብረቱን ነክቷል ማለት ነው። ሽቦዎቹን ሲስቧቸው ከቀዳዳው በሚወጡበት ቦታ ላይ ልባሳቸው ተልጦ መዳቡ ይታያል። ጣቴን በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ቀስ ብዬ እንዳሳልፍ አደረጉኝ፤ እንደ ጣሳ ክዳን ይቆርጣል። ከዚህ የባሰው ግን ቀዳዳው መሪው ከሹካው ጋር ከሚታሰርበት መያዣ ጥግ ላይ መበሳቱ ነበር፤ መሪው በክንዳችን ክብደትና በመንገዱ ንዝረት አብዝቶ የሚጨነቀው እዚያ ስለሆነ፣ ስንጥቅ ቢጀምር ከዚያ ቀዳዳ ይጀምራል። በዚያ መሪ ላይ ሌላ ሥራ እንደማይሠሩ በግልጽ ስለነገሩኝ፣ ቅር እያለኝም ቢሆን አዲስ የብረት መሪ አሠራሁ። አሉሚኒየም ቢሆን ኖሮ ከነጭራሹ እንደማይበሱት ጨምረው ነግረውኛል።

አዲሱ መሪ በውጭ በኩል 22 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 2.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በውስጥ የሚቀረው ክፍተት 17 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በግራ በኩል ከፍሬቻ፣ ከክላክስ፣ ከፊት መብራትና ከፍሪሲዮን ስዊች የሚመጡ 9 ሽቦዎች፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ከሞተር ማስነሻ፣ ከማጥፊያና ከፍሬን መብራት የሚመጡ 6 ሽቦዎች አሉ። ባለሙያው መውጫ ቀዳዳውን በሁለቱ መያዣዎች መካከል ከሥር በኩል፣ መግቢያዎቹን ደግሞ የስዊቾቹ ቤት በሚሸፍናቸው ቦታ ላይ በትራፓኖ በሱ። ከዚያ በኋላ ከግማሽ ቀን በላይ ያጠፉት በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ጠርዞቹን በውስጥም በውጭም በማለስለስ ነበር፤ እኔ ቆሜ ሳይ ከልክ ያለፈ መስሎኝ ነበር። በመጨረሻም እያንዳንዱን ቀዳዳ በጎማ ቀለበት ሸፈኑት።

ሽቦውን ለማሳለፍ የተጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ነው። ትንሽ ጥጥ በቀጭን ክር ጫፍ አስረው በአንዱ ቀዳዳ ከከተቱ በኋላ በሌላው በኩል በአቧራ መጥረጊያ ማሽን ሳቡት፤ ክሩ በመሪው እጥፋቶች ውስጥ አልፎ ወጣ። በክሩ ጠንካራ ሲባጎ፣ በሲባጎው ደግሞ የሕፃን ፓውደር የተነሰነሰበትን የሽቦ እስር ጎተቱ። ቤቱ ሁሉ ሕፃን የታጠበበት ክፍል ሸተተ። ሶኬቶቹ በቀዳዳው ስለማያልፉ ፒኖቹን አንድ በአንድ አውልቀው፣ ቦታቸውን አስቀድመው ባነሷቸው ፎቶግራፎችና በቁጥር ምልክቶች እየተመሩ መለሷቸው። በመሪው ውስጥ አንድም ቅጥያ አልተዉም፤ አሮጌዎቹን አጫጭር ሽቦዎች ከመቀጠል ይልቅ ከስዊቹ እስከ ፊት መብራቱ ድረስ ሙሉ አዲስ ሽቦ ዘረጉ። በሊድ የተበየደ ቅጥያ ሊዱ ወደ ሽቦው ክሮች ሰርጎ ስለሚያደርቃቸው፣ ንዝረት ሲበዛ ከደረቀው ክፍል ጫፍ ላይ እንደሚበጠስ አስረድተውኛል።

የጋዝ ካቦውን (ከጋዝ እጀታው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ገመድ) እና የፍሬን ቱቦውንም እንዲደብቁልኝ ጠይቄያቸው ነበር፤ እምቢ አሉ። ሽቦ ተጣጥፎም ይሠራል፤ የጋዝ ካቦ ግን በጠባብ እጥፋት ውስጥ ካለፈ ስለሚከብድ ሲለቁት በፍጥነት ላይመለስ ይችላል። ሁለቱ በውጭ መቅረታቸውን አሁን ወድጄዋለሁ።

ሞተሩን ከማስረከባቸው በፊት መሪውን ከጥግ ጥግ ደጋግመው እያዞሩ ሽቦው በሹካው አጠገብ የማይወጠርበትን ርዝመት አስተካከሉ፤ ሞተሩ እየሠራም እንዲሁ አዙረው የጋዝ ካቦው ተስቦ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ዝቅ እንደማይል አረጋገጡ። ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ነድቻለሁ፤ አንድም ፊውዝ አልተቃጠለም።

ጉድለታቸውን መደበቅ አልፈልግም። በሦስት ቀን ያሉኝን በስድስት ቀን ነው ያስረከቡኝ፤ ሥራ ላይ እያሉም ስልክ አያነሡም። ለጉዞ የሚቸኩል ሰው ይህን አውቆ ቢሄድ ይሻላል። ወደ እርሳቸው የምትሄዱ ሁሉ ደግሞ መሪያችሁን ቀለም ከመቀባታችሁ ወይም ኒኬል ከማስነከራችሁ በፊት ውሰዱላቸው፤ እኔ ቀለም ቀብቼ ስለወሰድኩ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ የተላጠውን እንደገና ማስቀባት ግድ ሆኖብኛል።