አያት ያለችው ትኬት ቢሮ፣ ለቴኒስ ጉዞ

ሮላንድ ጋሮስ የሚባለውን የቴኒስ ውድድር ፓሪስ ሄጄ ማየት ስለፈለኩ አያት አደባባይ አካባቢ ያለች አንዲት ትንሽ ትኬት ቢሮ ገባሁ። ልጅቷ ስለ ቴኒስ ብዙም አታውቅም ስራዋን ግን በደንብ ታውቀዋለች። የሸንገን ቪዛ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፣ ውድድሩ ግንቦት አጋማሽ ላይ ስለሚጀምር ከህዳር ጀምረሽ ወረቀትሽን አዘጋጂ አለችኝ። የስታዲየም ትኬቱን ደግሞ እኔ አልሸጥልሽም አለች፣ ትኬቱ በስም ነው የሚወጣው በር ላይ መታወቂያ ያያሉ፣ ከራሳቸው ሳይት ብቻ ግዢ። ብር የምታገኝበትን ነገር እንዲህ ስትል ወደድኳት በእውነት።

ሆቴሉ ላይ ነው ያበሳጨችኝ። ርካሽ ነው ብላ ቻርል ደጎል ኤርፖርት ስር ያለ አመጣችልኝ፣ ስታዲየሙ እኮ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው፣ ማታ ጨዋታ አይቼ በምን ልመለስ? ሜትሮ 10 ወይ 9 መስመር ላይ ፈልጊልኝ ብያት ቀየረችው። መብራት ሲጠፋ ደሞ ስራ ይቆማል፣ ጠዋት ሂዱ።

በጀት ለሚያንሰው የመጀመሪያው ሳምንት ይሻላል፣ የትንንሾቹ ሜዳዎች ትኬት ርካሽ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው እየዞራችሁ ታያላችሁ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻታለሁ።