ሎግ ሲጠየቅ የሚወድቅ ስቶሬጅ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ገዢ የቱ ይሻላል?

ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ቆሜያለሁ። ስቶሬጁ፣ ማለትም የሰርቨሮቹ ዳታ የሚቀመጥበት የዲስኮች ሳጥን ላይ ቢጫ መብራት በርቷል። አንድ ሃርድዲስክ ሊሞት ነው። ይሄ የተለመደ ነገር ነው። ዲስኩ ይቀየራል፣ አለቀ። የሻጩ ባለሙያ ግን በስልክ «እስቲ መጀመሪያ የምርመራ ሎግ ሰብስብና ላክልኝ» አለኝ። ሎግ ማለት ዕቃው ስለ ራሱ ሁኔታ የያዘው መዝገብ ነው። ገባሁና አዘዝኩ። ሠላሳ ምናምን ፐርሰንት ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ቀጥ አለ። ወዲያው ፋኖቹ ሊነሳ እንዳለ አውሮፕላን ጮኹ። ዲስኮቹን የሚያዘው ኮንትሮለር ራሱን ሪስታርት አድርጓል።

ደቂቃ ሳይሞላ ስልኬ ጠራ። የመጋዘኑ ኃላፊ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ምን ነካክተህ ነው? ሚዛኑ ቆመ እኮ! መኪናው በር ላይ ተገትሯል!» ምን ልበላቸው? ትኩሳቱን ሊለካ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ወረፋ ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ እንደማለት ነው።

የሚገርመው ስቶሬጁ ባለ ሁለት ኮንትሮለር ነበር። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሥራውን ይረከባል ተብሎ፣ ለዚያም ደህና ብር ተከፍሎበት የተገዛ። ታዲያ ለምን ቆመ? ዞሬ ጀርባውን አየሁት። ከሰርቨሮቹ የመጣው ኬብል በሙሉ የተሰካው ኤ ኮንትሮለር ላይ ነው። ቢ ኮንትሮለር ሥራውን በትክክል ተረክቧል፣ ግን ወደ እሱ የሚያደርስ መንገድ የለም። ሐረጎ ላይ መኪና ተገልብጦ መንገዱ ሲዘጋ ደሴና ኮምቦልቻ እንደሚቆራረጡት ማለት ነው። ሁለቱም ከተሞች ደህና ናቸው፣ ማለፊያው ነው የጠፋው።

ከዚያ ወዲህ ስቶሬጅ ልግዛ ብሎ ለሚያማክረኝ ሁሉ ስለ ቴራባይት ቀድሜ አላወራም። ፕሮፎርማው ላይ ያለው ቴራባይት የሁሉም ያው ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ዕቃ ሪስታርት ሲያደርግ እናንተ ጋ ምን ይቆማል? እዚህ አካባቢ ገዢ ፊት የሚቀርቡትን አራት አማራጮች በዚህ ዓይን እናወዳድራቸው።

መጀመሪያ፣ ለምን ይወድቃል?

ኮንትሮለር ማለት ዲስኮቹን የሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ውስጡ ያለው ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። ከጎኑ ዘበኛ አለው። ይሄ ዘበኛ በየተወሰነ ሰከንድ ከፈርምዌሩ «አለሁ» የሚል ምልክት ይጠብቃል። ምልክቱ ከዘገየ «ይሄ ሰው ሞቷል» ብሎ ሪስታርት ያደርገዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። የምር የደነዘዘ ኮንትሮለር ለዘላለም ተንጠልጥሎ ከሚቀር ቢነሳ ይሻላል።

ችግሩ ሎግ ስትሰበስቡ ነው። ኮንትሮለሩ እያንዳንዱን ዲስክ፣ ፋን፣ ፓወር ሰፕላይ እየዞረ ይጠይቃል፤ የራሱን ሜሞሪ ይገለብጣል። አንዱ ዲስክ ታሞ መልስ ካዘገየ፣ ፈርምዌሩም በደንብ ካልተጻፈ፣ እሱን ሲጠብቅ «አለሁ» ማለቱን ይረሳል። ዘበኛው ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም። ሌላም መንገድ አለ፦ በተጠየቀ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ሜሞሪ ይይዝና አይመልስም፤ ከወራት በኋላ ሲሞላ ይወድቃል። በየደቂቃው የሚጠይቅ የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የተከለ ሰው ይሄኛው ቶሎ ይደርሰዋል።

ባለ ሁለት ኮንትሮለር አዲስ ዕቃ

የኤችፒኢ ኤምኤስኤ፣ የዴል ፓወርቮልት ኤምኢ እና መሰሎቻቸው እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ለፋብሪካ፣ ለሆስፒታል፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ሁሉ ይከብዳል። ትልቁ ጥቅሙ የፈርምዌሩን በሽታ ሥራ ሳያቆሙ ማከም መቻሉ ነው። አዲሱ ፈርምዌር ሲጫን መጀመሪያ አንዱ ኮንትሮለር ይነሳል፣ ሌላው ሥራውን ይዞ ይቆያል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ኬብሉ ለሁለቱም ከተዘረጋና ሰርቨሮቹ ላይ የሁለት መንገድ ቅንብሩ ከተሠራ ተጠቃሚው ጥቂት ሰከንድ መዘግየት ብቻ ነው የሚያየው።

ግን «ሁለት አለኝ» ብሎ መተኛት አይቻልም። ሁለቱ ኮንትሮለሮች የሚሮጡት በአንድ ዓይነት ፈርምዌር ነው። ሁለትነት የሚያድነው ከተቃጠለ ዕቃ እንጂ ከጋራ ስህተት አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 የተተኮሰችው አሪያን 5 ሮኬት ሁለት የአቅጣጫ ኮምፒውተር ነበራት። አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲተካው ታስቦ። ፕሮግራሙ ግን አንድ ነበርና ተጠባባቂው ቀድሞ ወደቀ፣ ዋናው ወዲያው ተከተለው። ሮኬቷ ደቂቃ ሳትሞላ ተበታተነች። ስለዚህ የኤ ኮንትሮለር ሎግ ስትሰበስቡ ወድቆ ከሆነ፣ ወዲያው ዞራችሁ የቢ ሎግ አትሰብስቡ። እኔ ይህንን ስህተት ልሠራ እጄ ቁልፉ ላይ ደርሶ ነበር።

አንዱ ሲወድቅ ሌላም የሚለወጥ ነገር አለ። ብዙዎቹ ዕቃዎች ጓደኛቸው ከሌለ የሚጻፈውን ዳታ መጀመሪያ ካሽ (ፈጣን ጊዜያዊ ሜሞሪ) ላይ መያዛቸውን ትተው በቀጥታ ዲስክ ላይ መጻፍ ይጀምራሉ። ለዳታው ደህንነት ነው። ፍጥነቱ ግን ይወርዳል። «ስቶሬጁ ሠርቷል ግን ሲስተሙ ይጎተታል» የሚል ስሞታ ከመጣ መጀመሪያ ሁለቱም ኮንትሮለር መነሳታቸውን እዩ።

ለጨረታ ኮሚቴዎች አንድ ነገር ልጨምር። ስሙ የተለያየ ማለት ውስጡ የተለያየ ማለት አይደለም። የኤችፒን ኤምኤስኤ ለዓመታት ይሠራ የነበረው ዶት ሂል የሚባል ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የዲስክ አምራቹ ሲጌት ገዛው። የዴል ኤምኢ4ም የወጣው ከዚሁ ቤት ነው። ሁለት ፕሮፎርማ ይዛችሁ «ይሄኛው ያንን ችግር የለበትም» ስትባሉ፣ ወንድማማቾች እንዳይሆኑ ጠይቁ።

ያገለገለ ባለ ሁለት ኮንትሮለር

ከአዲስ አበባ በመኪና ተጭኖ ይመጣል። ዋጋውን ስትሰሙ ልባችሁ ይሸፍታል። ዕቃው ራሱ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው፣ እኔም አልጠላውም። የሚያስፈራኝ ፈርምዌሩ ነው። አንዳንድ አምራች አዲስ ፈርምዌር የሚሰጠው የድጋፍ ውል ላለው ብቻ ነው። ለምሳሌ ኤችፒ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለፕሮላያንት ሰርቨሮቹ ባዮስ (ሰርቨሩን ለሚያስነሳው ፈርምዌር) ዋራንቲ ወይም ውል መጠየቅ ጀምሯል። ሌላው የስቶሬጅ አምራች ኔትአፕም ያለ ውል ሶፍትዌሩን አያስወርድም። መድኃኒቱ ተገኝቷል፣ ግን ለእናንተ አይሸጥም እንደማለት ነው።

ሁለተኛው የሰዓት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኖቬምበር ኤችፒኢ ስለ አንዳንድ ኤስኤስዲዎቹ (የሚሽከረከር አካል ስለሌላቸው ዲስኮች) ማስጠንቀቂያ አወጣ። ዲስኮቹ 32,768 ሰዓት ከሠሩ በኋላ ይሞታሉ፤ ዳታውም ዲስኩም አይመለስም። ሲሰላ 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ነው። ምክንያቱ ፈርምዌር ነው፤ አዲሱ ቨርዥን ቀድሞ ከተጫነ ችግሩ የለም። የሚያስጨንቀው አንድ ቀን አብረው የተገጠሙ ዲስኮች የሚሞቱትም አብረው መሆኑ ነው። ሬይድ፣ ማለትም አንድ ዲስክ ሲሞት ዳታው እንዳይጠፋ ዲስኮችን ማቀናጀት፣ ለዚህ ምንም አይፈይድም። በቀጣዩ ዓመት ማርች ላይ ደግሞ በሌሎች ሞዴሎች 40,000 ሰዓት ላይ የሚገድል ተመሳሳይ ስህተት ታወቀ። ታዲያ ያገለገለ ዕቃ ስንት ሰዓት ሠርቶ ነው እናንተ ጋ የሚደርሰው? ሻጩ «ንጹህ ነው» ካላችሁ የእያንዳንዱን ዲስክ የሥራ ሰዓትና የፈርምዌር ቁጥር በስክሪን ፎቶ ይላክላችሁ። ካልላከ እሱም አያውቀውም ማለት ነው።

እኔ ያገለገለውን የምፈቅደው ለባክአፕ ማስቀመጫ ብቻ ነው። ቢወድቅ የሚያናድድ እንጂ የሚያስለቅስ ቦታ ላይ አይደለም።

ባለ አንድ ኮንትሮለር ናስ

ናስ ማለት በኔትወርክ የሚገናኝ ፋይል ማስቀመጫ ሳጥን ነው። ሲኖሎጂና ኪውናፕ የዚህ ዓይነት ናቸው። ደሴ ላይ ለሂሳብ ቢሮ፣ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት ይሄ ይበቃል እላለሁ። ሞዴሎቹ አብዛኞቹ አንድ ኮንትሮለር ነው ያላቸው፤ ሲወድቅ ሁሉም ይወድቃል፣ ሲነሳ ሁሉም ይነሳል። ቢያንስ አያታልላችሁም። ፈርምዌሩ ከአምራቹ ድረ ገጽ በነጻ ይወርዳል። አርብ ማታ ጭናችሁት ወደ ቤት መሄድ ነው።

ከጀርባው ቨርቹዋል ማሽኖች (በአንድ ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒውተሮች) የሚሮጡ ከሆነ ግን ሰዓቱን አስሉ። ናስ ጠፍቶ እስኪነሳ ደቂቃዎች ይወስዳል። ሊኑክስ ዲስክ መልስ እንዲሰጠው የሚጠብቀው በተለመደው ቅንብር 30 ሰከንድ ነው፣ ዊንዶውስ 60 ሰከንድ። ከዚያ በኋላ ስህተት ይቆጥራሉ። ሊኑክሱ ፋይሎቹን ማንበብ እንጂ መጻፍ እንዳይቻል አድርጎ ሊቆልፍ ይችላል። ስለዚህ ናሱ ከአቦል እስከ ቶና ባለው ጊዜ ቢነሳም፣ ከሱ በኋላ ሰርቨሮቹን አንድ በአንድ የሚያስነሳው ሰው ነው። ያ ሰው ሐይቅ ለሠርግ ሄዶ ከሆነ ቀኑ አለቀ። ለዚህ ሁለት አንድ ዓይነት ሲኖሎጂ ገዝቶ ማጣመር ይቻላል። ከአዲሱ ባለ ሁለት ኮንትሮለር ጋር ዋጋውን አስተያዩት። የጋራ ፈርምዌሩ ነገር ግን እዚህም አለ።

ራስ ሠራሽ

ሰርቨር ገዝቶ ትሩናስ የሚባል የስቶሬጅ ሶፍትዌር መጫን። ሶፍትዌሩ ነጻ ነው፣ ፋይሎቹን የሚይዝበት ዜድኤፍኤስ የሚባለው ሥርዓት ዳታ በመጠበቅ ይታመናል። ፈርምዌር ግን አልቀረም፤ ዲስኮቹም የዲስክ ካርዱም የራሳቸው አላቸው። ለዚህ ምርጫ ትልቁ አደጋ ያዋቀረው ልጅ አዲስ አበባ ሥራ ማግኘቱ ነው።

ሙቀት ነው ወይስ ፈርምዌር?

እዚህ አገር ሪስታርት ያደረገ ዕቃ ሁሉ «መብራቱ ነው» ወይ «ሙቀቱ ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ደሴ ብርድ ስለሆነ ሙቀት አይነካንም የምትሉ፣ ከፍታውን አትርሱ። ብዙ ሰርቨርና ስቶሬጅ እስከ 35 ዲግሪ ይሠራል ሲባል፣ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነስለታል። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የመሸከም አቅሙም ይቀንሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ስለዚህ 35ቱ ወደ 30 ይወርዳል። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ ስለሆነች ወደ 32። ኮምቦልቻ የባሰ ትሞቃለች፣ ስለዚህ እዚያ ኤሲውን አትቆጥቡ።

መለያው ግን ቀላል ነው። ዕቃው የሚወድቀው ቀትር ላይ ከሆነ ሙቀት ነው። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ከሆነ ዩፒኤሱን እዩ። ሎግ በጠየቃችሁት ቁጥር ከሆነ፣ ቴርሞሜትሩም ደህና ከሆነ፣ ፈርምዌር ነው። የኛው ሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቅም በዚያው ቦታ ወደቀ። የሻጩ ሰው ያኔ ነው «እሱ ቨርዥን ላይ የሚታወቅ ችግር ነው፣ በአዲሱ ተስተካክሏል» ያለኝ። መታወቁን ቀድሞ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

ስለዚህ ቀጥሎ አዲስ ዕቃ ሲመጣ ርክክቡን ቀየርነው። ድሮ ኮሚቴው ካርቶን ቆጥሮ፣ ሲሪያል ቁጥር አመሳክሮ ይፈርም ነበር። አሁን ኬብሉ ለሁለቱም ኮንትሮለር ተዘርግቶ፣ አንድ ትልቅ ፋይል መገልበጥ ተጀመረ። የኤ ኮንትሮለርን ሎግ ሰበሰብኩ። አልወደቀም። የቢን ሰበሰብኩ። አልወደቀም። ከዚያ ኤ ኮንትሮለርን በእጄ ሪስታርት አደረግኩት። የሻጩ ልጅ «ለምን ታስጨንቀዋለህ?» አለኝ። የመጋዘኑ ኃላፊ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል። የፋይሉ መስመር ቆመ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ጮክ ብለው ቆጠሩ። ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ መስመሩ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«በል እስክሪብቶ አምጣ» አሉኝ።