ሙሉ የመኪና ኢንሹራንስ ሽፋን ያላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ውላችሁ ላይ የመኪናችሁ ዋጋ ስንት ይላል?

የኢንሹራንስ ወኪሎቹን ታውቋቸዋላችሁ። የቦሎ ሰሞን ሲደርስ ፋይል በብብታቸው ሸጉጠው ሱቅ ለሱቅ የሚዞሩት። ቡና ከደረሱ በረካውን ሳይጠጡ አይነሱም። የልጆቻችሁን ስም ሳይቀር ያውቃሉ። የእኔውም እንደዚያው ነው። "እትዬ፣ ለእርስዎማ ሙሉ ሽፋን ነው። ቢጋጭ፣ ቢሰረቅ፣ ቢቃጠል ሐሳብዎን ጥለው ይተኙ" ብሎ አስፈረመኝ። እኔም ተኛሁ። ስነቃ 130 ሺህ ብር ከኪሴ የምከፍል ሆኜ ተገኘሁ።

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፤ ክፉ ቃል ካመለጠኝ እለፉኝ። ድርጅቱን በስም አልጠራም። የሌሎቹም ውል ያው ስለሆነ ስሙ ብዙም አይጠቅማችሁም።

የሐረጎን ጭጋግ የማያውቅ የለም። ወንድሜ መኪናዬን ይዞ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ አህያ ከጭጋጉ ውስጥ ድንገት ብቅ አለችበት። መሪውን ወደ ተራራው ወገን ሰበረው። በገደሉ በኩል ቢሆን ኖሮ ዛሬ የማወራው ስለ ብር አይሆንም ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ እሱ ጭረት እንኳ አልነካውም፤ አህያዋም ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዷን ቀጠለች። ቪትዟ ግን ፓራውልቷ ተሰበረ፣ የግራ ፓራፋንጎዋ ተጨማደደ፣ ኮፈኗ ታጠፈ፣ መብራቷና ራዲያተሯም ሄዱ።

ትራፊክ መጣ፣ ፕላን ተነሳ፣ ለድርጅቱም ወዲያው አሳወቅን። ከጋራዦች ፕሮፎርማ ሰበሰብን፤ ትንሹ 210 ሺህ ብር ነበር። እነሱም የራሳቸውን ገምጋሚ ላኩ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደ ወጉ ነው።

ከዚያ ለውሳኔ ተጠራሁ።

የካሳ ክፍሉ ልጅ ፋይሌን ገለጠ። ቀና ብሎ አላየኝም። ጠረጴዛው ላይ ስልኩ ቪዲዮ ከፍቶ ይጮሃል፤ በየመሀሉ ይስቃል። ገምጋሚያቸው የመኪናዋ የዛሬ ዋጋ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ነው ብሎ ጽፏል። ውሌ ላይ የሰፈረው ደግሞ 800 ሺህ ነው። ልጁ ሁለቱን ቁጥሮች በእስክሪብቶ ከበባቸውና ካልኩሌተሩን ሳበ።

"ከ210 ላይ የአሮጌ ዕቃ ተቀናሽ 30፤ 180። የተሸፈንሽው ግማሽ ነው፤ 90። ኤክሰስ 10።"

የሚያወራው ለራሱ ነው። (የአሮጌ ዕቃ ተቀናሽ የሚሉት በአሮጌው ዕቃ ምትክ አዲስ ስለሚገባ የሚቀንሱትን ነው፤ ኤክሰስ ደግሞ ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ ባለመኪናው ራሱ የሚችለው ድርሻ ነው።) ሲጨርስ ካልኩሌተሩን አዞረና በአንድ ጣቱ ወደ እኔ ገፋው። 80 ሺህ ይላል።

"ሙሉ ሽፋን አይደለም እንዴ?" አልኩት።

"ሙሉ ነው።"

"ታዲያ ግማሹ የት ሄደ?"

ይሄኔ ነው ቀና ያለው። "የኔ እናት፣ ይሄ ቴክኒካል ነገር ነው። ብነግርሽም አይገባሽም። የተማረ ልጅ ካለሽ ይዘሽ ነይ።"

አጠገቡ ያለችው ልጅ አፏን በእጇ ከድና ሳቀች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ በሜትር እየለካሁ የኖርኩ ሴት ነኝ። 180 ለሁለት ሲካፈል 90 መሆኑን ለማወቅ ልጅ አልጠራም። የጠየቅኩት ለምን ለሁለት እንደተካፈለ ነው።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ ያ ወኪል በበሩ ገባ። አየኝ። ዓይን ለዓይን ነው የተገጣጠምነው። ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ ጆሮው ላይ ለጠፈ፣ "ሄሎ፣ ሄሎ፣ አይሰማም" እያለ በአጠገቤ አልፎ ወደ ውስጥ ዘለቀ። ስልኩ አልጠራም ነበር። መስታወቱ እንኳ ጨለማ ነው። ስንት በረካ የጠጣብኝ ሰው! ብሩ አንድ ነገር ነው፣ ይሄኛው ግን እስካሁን አልወጣልኝም።

ልጁ "አይገባሽም" ያለኝን ነገር አንድ የሚያውቅ ዘመድ ቤቴ ተቀምጦ አስረዳኝ። እንዲህ ነው። መኪናችሁ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ እያወጣች በ800 ሺህ ካስመዘገባችኋት፣ ድርጅቱ የግማሹን ኃላፊነት ብቻ ነው የወሰደው። ቀሪውን ግማሽ ራሳችሁ እንደሸፈናችሁ ይቆጠራል። ስለዚህ መኪናዋ ጨርሳ ብትጠፋ ብቻ ሳይሆን መብራቷ ብቻ ቢሰበርም የሚከፍሏችሁ ግማሹን ነው። እኔ 800 ሺህ እስኪሞላ ድረስ ያለውን ጉዳት በሙሉ የሚከፍሉ ይመስለኝ ነበር። ማንስ የማይመስለው አለ? ነገሩ በ1952ቱ የንግድ ሕግም ያለ ነው፤ ውሉም ላይ በዚያች ጥቃቅን ፊደል ተጽፏል። ስለዚህ ክሰሻቸው አትበሉኝ።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። መጀመሪያ ስፈርም 800 ሺህ የመኪናዋ ትክክለኛ ዋጋ ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ የብሩ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመኪና ዋጋ የት እንደደረሰ የማያውቅ የለም። ከማንም በፊት የሚያውቁት ደግሞ እነሱ ናቸው፤ ገምጋሚያቸው ያችን 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ከሰማይ አላወረዳትም። ኅዳር ላይ ውሉን ሊያድስ ሲመጣ ግን ያ ወኪል ያለኝ ምንድን ነው? "እትዬ፣ እንዳለፈው ዓመት ይቀጥል። ለምን አረቦን ይጨምሩብዎታል?" አረቦኑ፣ ማለትም በየዓመቱ የምከፍላቸው ብር፣ ሲጨምር ወደ ሌላ ድርጅት እንዳልሄድበት ነው እንጂ ለእኔ አዝኖ አይደለም። በዚህ "ውለታው" የተረፈኝ አረቦን 20 ሺህ ብር አይሞላም።

ደግሞ ሙሉ ሲባል የሁሉም ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2014 እዚህ የነበርን ሰዎች ከሌላው በተሻለ እናውቀዋለን። የጦርነት ጉዳት በመደበኛው ውል አይሸፈንም። የሁከትና የሽብር ሽፋንም ለብቻው ተጠይቆ፣ ለብቻው ተከፍሎበት ነው የሚገባው። የእኔው ሰውዬ ይህንንም አልነገረኝም። በሦስተኛ ወገን ብቻ የምትነዱ ደግሞ፣ እሱ በአዋጅ 799/2005 የግድ ስለሆነ ነው የያዛችሁት፤ የሚሸፍነው የጎዳችሁትን ሰውና የሰው ንብረት ነው። የራሳችሁ ፓራውልት አይመለከተውም።

ለማንኛውም ዛሬውኑ ውላችሁን ከመሳቢያ አውጡ። የመኪናው ዋጋ የሚለውን መስመር እዩና አንድ የመኪና ደላላ የዛሬውን ገበያ ጠይቁ። ከተራራቀ እድሳት አትጠብቁ፤ በዓመቱ መሀልም ልዩነቱን ከፍሎ ማስተካከል ይቻላል፤ ማሻሻያውን ግን በወረቀት ተቀበሉ። ኤክሰሱና የአሮጌ ዕቃ ተቀናሹ ስንት እንደሆነ በቁጥር ይጻፍላችሁ። የወኪል ቃል ካሳ ክፍል ሲደርስ ዋጋ የለውም።

እኔ ለዋናው መሥሪያ ቤታቸው ደብዳቤ አስገብቻለሁ። ካልመለሱልኝ ተቆጣጣሪያቸው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ወደዚያ እጽፋለሁ። ለ80 ሺው ገና አልፈረምኩም። መኪናዋ ጋራዥ ቆማለች፤ ባለጋራዡም በቀን በቀን ይደውላል። የቪትዝ የግራ የፊት መብራት፣ ያገለገለም ቢሆን ደህና የሆነ፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያያችሁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። የአዲሱን ዋጋ ሰምቼ ተመልሻለሁ።