የአይአርኤስ (የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መስሪያ ቤት) «ታክስ ፋይል ማድረግ አለብኝ ወይ» መጠየቂያ፣ ደሴ ሆነን ሞከርነው (ከ5 ኮከብ 4)

አሜሪካ ኖሮ ወሎ የተመለሰ ዘመድ ያላችሁ ይቺን አንብቡልኝ። አክስቴ ቨርጂኒያ ሆስፒታል ስትሰራ ኖራ፣ ሲቲዝንም ሆና፣ ጡረታ ስትወጣ በነሱ 2020 ኮሮና ሊገባ ሲል ደሴ ተመለሰች፣ አሁን 68 ዓመቷ ነው ባሏም በህይወት የለም። ከመጣች ጀምሮ ታክስ ፋይል ማድረግ (የዓመት ገቢን ሞልቶ ለነሱ ማስገባት) የሚባል ነገር ነክታ አታውቅም፣ «ካገራቸው ወጥቻለሁ ምን አገባቸው» ነው የምትለው። እንደሱ ግን አይደለም፣ ሲቲዝን የሆነ ሰው ደሴም ይኑር ኮምቦልቻ የትም ያገኘው ገቢ ይቆጠርበታል።

በቀደም ሰው አስፈራርቷት ፒያሳ አካባቢ አንድ ጉዳይ አስፈፃሚ ጋ ሄደች። 5,000 ብር ተቀበላትና የ2024 ገቢዋን ደመረ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ መንግስት የሚከፍላት ጡረታ) 14,000 ዶላር፣ ከድሮ መስሪያ ቤቷ የሚመጣ ፔንሽን 4,800፣ በድምሩ 18,800፣ የሷ ወሰን 16,550 ስለሆነ አልፈሻል ግዴታ አለብሽ፣ ያለፉትም ዓመታት ቅጣት አላቸው አላት። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም። ከብሩ ይልቅ ያንገበገበኝ እሱ ነው ወላሂ።

በማግስቱ አይአርኤስ ዌብሳይት ላይ ኢንተራክቲቭ ታክስ አሲስታንት የሚባለውን ከፈትኩላት። ነፃ ነው፣ ስም አይጠይቅ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አይጠይቅ፣ የሞላችሁትም ስትወጡ ይጠፋል። የሚጠይቀው የትኛው ዓመት ነው፣ ባለትዳር ነሽ ወይ፣ 65 ሞልቶሻል ወይ፣ በግል ስራ ያተረፍሽው 400 ዶላር ደርሷል ወይ (ይሄ ከደረሰ ሌላው ገቢ ትንሽም ቢሆን ፋይል ማድረግ ግዴታ ነው)፣ ከገቢሽ ላይ ታክስ ተቆርጧል ወይ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነው። 12 ደቂቃ ይፈጃል ይላል፣ እኛ ኔትወርክ ሁለቴ ተቋርጦብን እንደገና ስንጀምር አንድ ሰዓት ሆነ። ወረቀቶቿን አዘጋጅታችሁ ግቡ፣ የአክስቴ በኛ 2014 ከደሴ ስንሰደድ የጠፋውም ብዙ ነው፣ የሶሻል ሴኩሪቲውን የዓመት መግለጫ ከኦንላይን አካውንቷ አወረድነው።

ያ ሰውዬ የተሳሳተው የት ጋ እንደሆነ የገባኝ እዚህ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ዝም ተብሎ አይደመርም! ግማሹ ተወስዶ ከሌላው ገቢ ጋር ይደመርና ብቻውን ለሆነ ሰው ከ25,000 ዶላር ካልበለጠ ሶሻል ሴኩሪቲው ጭራሽ አይቆጠርም። የሷ ግማሹ 7,000፣ ፔንሽኑ 4,800፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያከራየቻቸው ሁለት ክፍሎችም አሉ (ያገር ቤት ኪራይም ይቆጠራል እኮ) ወደ ዶላር ስንመልሰው 1,700 ገደማ፣ ሁሉም ተደምሮ 13,500 ነው። 25,000 የት አለና። ስለዚ የሚቆጠረው ፔንሽኑና ኪራዩ ብቻ ነው፣ 6,500። ግዴታ የለባትም።

ይሄን ስነግራት «አልሀምዱሊላህ» ብላ ልትነሳ ስትል ቆይ እማ አልኳት። ምክንያቱም ከፔንሽኗ ላይ በዓመት 480 ዶላር ታክስ እየተቆረጠ ነው፣ የምትከፍለው ታክስ ከሌለ ደግሞ ያ ብር የራሷ ነው፣ ግን ፋይል ካላደረገች ማንም አስልቶ አይልክላትም። ለዛውም የ3 ዓመት ገደብ አለው፣ የ2020ውና የ2021ው አልፎባታል፣ በጣም ነው ያሳዘነኝ። ግዴታ የለብሽም ሲባል ስንቱ ዘመዳችን እዛው ላይ አቁሞ ገንዘቡን ትቶ ይሆን?

አንድ ኮከብ የቀነስኩት አማርኛ ስለሌለው ነው፣ እንግሊዝኛውም የታክስ እንግሊዝኛ ነው፣ አክስቴ ስንት ዓመት እዛ ኖራ እንኳን እኔን ነበር የምትጠይቀው። ሌላው ደግሞ የተሰራው ባልም ሚስትም ዓመቱን ሙሉ ሲቲዝን ወይ በታክስ ህጉ እንደ አሜሪካ ነዋሪ የሚቆጠሩ ለሆኑ ነው፣ እሱ አሜሪካ ሆኖ ሚስቱ ግሪን ካርድ ሳይኖራት ሀይቅ ወይ ወልድያ ያለች ብዙ ነው፣ ለነሱ አይሆንም። እንደዚ ያለ ባለትዳር ለብቻው የሚያስገባ ከሆነ ወሰኑ 5 ዶላር ነው፣ አዎ አምስት፣ ስለዚ የሚያውቅ ሰው ያማክር። እዚህ ባንክ ያላቸው ገንዘብ ተደምሮ በዓመቱ አንድ ቀን እንኳን ከ10,000 ዶላር ያለፈ ሰዎችም ኤፍባር የሚባል ሌላ ሪፖርት አለባቸው፣ እሱ ከታክሱ ጋር አብሮ የሚገባ አይደለም።

ቀኑ ኤፕሪል 15 ነው፣ በኛ ሚያዝያ 7፣ ውጭ ለሚኖር ሲቲዝን እስከ ጁን 15 ማለትም ሰኔ 8 ይራዘማል፣ ክፍያ ያለበት ሰው ግን ወለዱ ከኤፕሪል ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። አክስቴ አሁን «አብሽሪ ልጄ» እያለች እኔኑ ታፅናናኛለች፣ የ2024ን ሞልተን ጨርሰናል፣ የ2022ንና የ2023ን ሰኞ ጠዋት ኔትወርኩ ሳይጨናነቅ እንጀምራለን።